የጥጥ ድጎማው የማንን ጎተራ ሞላ?

መንግሥት ለገበሬ ገንዘብ ይከፍላል ሲባል በአብዛኞቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ዝናብ የቀረበት፣ አንበጣ የወረደበት ወይም ምርቱን ገበያ አውጥቶ ዋጋ ያጣበት ምስኪን አራሽ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ከሕዝብ ካዝና ጥቂት ቢሰጠው ማን ይከፋዋል? አሜሪካ ለገበሬዎቿ ድጎማ መክፈል ከጀመረች ከ90 ዓመት በላይ ሆኗታል። ሕጉ ሲወጣ የተባለውም ይኸው ነበር፤ የወደቀውን አራሽ ማንሣት። ጥያቄው ግን ገንዘቡ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ገጠር ሲደርስ ማን እጅ ይገባል የሚለው ነው። የሚያርሰው ሰው እጅ ወይስ መሬቱ በስሙ የተመዘገበለት ሰው እጅ?

ለዚህ መልስ ለማግኘት አገሪቱን በሙሉ መዞር አያስፈልግም፤ አንዲት ካውንቲ ትበቃናለች። ካውንቲ ማለት እኛ ወረዳ ወይም አውራጃ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ የአስተዳደር ክልል ነው። የመረጥናት ካውንቲ በደቡባዊቷ የሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት የምትገኘው ሰንፍላወር ናት። ስሟ በእንግሊዝኛ ሱፍ ማለት ነው፤ የኖረችው ግን በሱፍ ሳይሆን በጥጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።)

ሁለት የአንድ ቀዬ ሰዎች

በ1960ዎቹ መጨረሻ በዚህች ካውንቲ ስማቸው በመላ አሜሪካ የታወቀ ሁለት ሰዎች ይኖሩ ነበር። አንደኛው ሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ ናቸው። በዶድስቪል መንደር አጠገብ ወደ 5,800 ኤከር የሚጠጋ፣ በእኛ የድሮ ልኬት ከ58 ጋሻ የማያንስ የጥጥ እርሻ ነበራቸው። በአሜሪካ ሴኔት የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሲሆኑ የእርሻ ኮሚቴውም አባል ነበሩ። እንግዲህ የድጎማው ሕግ ሲወጣ ከአውጪዎቹ አንዱ፣ ክፍያው ሲመጣ ደግሞ ከተቀባዮቹ አንዱ ነበሩ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ለእርሻቸው በየዓመቱ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ከመንግሥት ይከፈል ነበር። የክፍያው ዋና ምክንያት ከመሬቱ በከፊል ጥጥ አለመዘራቱ ነው።

ሁለተኛዋ ከዶድስቪል ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ሩልቪል የሚኖሩት ወይዘሮ ፋኒ ሉ ሄመር ናቸው። በ1917 ሲወለዱ ለወላጆቻቸው 20ኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ጥጥ ለቀማ የጀመሩት በ6 ዓመታቸው ነው። የእርሻው ባለቤት ሕፃኗን ጠርቶ፣ 30 ፓውንድ ጥጥ ከለቀመች ከእርሻው ሱቅ ሰርዲንና ጣፋጭ እንደሚሰጣት ነገራት፤ ለቀመች፤ ጣፋጩንም አገኘች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የሚጠበቅባት እጥፍ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከጥጥ ማሳ የወጡት በ44 ዓመታቸው ነው፤ እንዴት እንደወጡ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ ዘመን በአካባቢው ጥጥ ሲኮተኩት የሚውል የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው በቀን 3 ዶላር ነበር። 100 ሺህ ዶላር ለማግኘት ይህ ሠራተኛ አንድም ቀን ሳያርፍ ከ90 ዓመት በላይ መኮትኮት ነበረበት። ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሞክረው ይችላል።

ገንዘቡ ለምን ወደ አንደኛው ሄደ? ሴናተሩ ስለሰረቁ አይደለም። ሕጉ እንዲህ ስላዘዘ ነው። ነገሩን አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በእኩል የሚያርስ ሰው

በሰንፍላወር የነበሩት ጥቁር አራሾች አብዛኞቹ የሚያርሱት በእኩል ነበር። የእኩል አራሽ ወይም በቀድሞ አጠራራችን ጭሰኛ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ባለመሬቱ መሬትና ጎጆ፣ በቅሎና ዘር ያቀርባል፤ አራሹ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ጉልበቱን ያፈሳል፤ ምርቱ እኩል ይካፈላል። ነገር ግን የአራሹ እኩሌታ እጁ ከመግባቱ በፊት ዓመቱን በሙሉ ከእርሻው ሱቅ በዱቤ የወሰደው ዱቄት፣ ጨው፣ ጨርቅና መድኃኒት ይቀነስበታል። የዱቤውን መዝገብ የሚጽፈው ባለመሬቱ ነው፤ ሚዛኑም የእሱ ነው። አራሹ ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም፤ ቢችልም የነጭን መዝገብ መጠየቅ በዚያ አገር ሕይወትን የሚያሳጣ ድፍረት ነበር። ወይዘሮ ሄመር ማንበብና መጻፍ ስለሚችሉ በእርሻው ላይ የለቀማ መዝጋቢ ሆነው ሲሠሩ፣ የባለቤቱ ሚዛን ለቃሚውን እንደሚበድል ስላወቁ ሰውየው ዞር ሲል ትክክለኛ የሚዛን ክብደት አምጥተው ይመዝኑ እንደነበር ተናግረዋል።

ድጎማው የመጣው እንዲህ ባለ ሥርዓት ላይ ነው።

በቅሎዎቹ እምቢ አሉ

በ1929 አንድ ፓውንድ ጥጥ ከ16 ሳንቲም በላይ ያወጣ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ በ1931 ወደ 6 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ወር፣ በሜይ 12 ቀን 1933፣ የእርሻ ማስተካከያ ሕግን ፈረሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ምርት ከበዛ ዋጋ ይወርዳል፤ ስለዚህ ገበሬው ከመሬቱ ከፊሉን እንዳይዘራ ይደረግ፤ ለተወው መሬት መንግሥት ይክፈለው። ሕጉ ሲወጣ ግን የዚያ ዓመት ጥጥ በቅሎ ነበር። ስለዚህ በዚያ ክረምት በደቡብ ወደ 10 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ ቡቃያ እንዲገለበጥ ተደረገ። ዕድሜ ልካቸውን የጥጥ ተክል እንዳይረግጡ ሲገረፉ የኖሩ በቅሎዎች አሁን በተክሉ ላይ ሂዱ ሲባሉ እምቢ ማለታቸው በየቦታው ይወራ ነበር። በዚያ ክረምት ነገሩ ግራ ያልገባው ማን ነበርና በበቅሎ እንፈርዳለን!

ለ1934 እና ለ1935 የወጣው የጥጥ ውል ደግሞ ክፍያውን እንዲህ ደለደለው። በጠቅላላው በፓውንድ 4 ሳንቲም ተኩል ይከፈላል። ከዚህ ውስጥ 3 ሳንቲም ተኩሉ የመሬት ኪራይ ተብሎ በቀጥታ ለባለመሬቱ ይሄዳል። የቀረችውን 1 ሳንቲም ባለመሬቱና የእኩል አራሹ እኩል ይካፈሏታል። እንግዲህ ባለመሬቱ 4 ሳንቲም፣ አራሹ ግማሽ ሳንቲም። ከዘጠኝ እጅ ስምንቱ ለአንዱ፣ አንዱ ለሌላው ማለት ነው። ያቺ ግማሽ ሳንቲምም ብትሆን በባለመሬቱ እጅ ስለምታልፍ ከዱቤው ልትቀነስ ትችላለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የሚታረሰው መሬት ሲቀንስ የአራሹም ቁጥር መቀነስ ጀመረ። አራሽን ማባረር ለባለመሬቱ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጎጆውንና ዱቤውን ያድናል፤ አራሹን በቀን ሠራተኛ ከተካው ደግሞ ግማሽ ሳንቲሟም የእሱ ትሆናለች። ውሉ ባለመሬቱ የነበሩትን አራሾች ቁጥር «በተቻለ መጠን» እንዲጠብቅ ይል ነበር። እንዲህ ያለው ቃል በሕግ ውስጥ ሲገባ ማን እንደሚጠቀምበት ለአንባቢ እንተወዋለን። በዋሽንግተን የእርሻ ማስተካከያ መሥሪያ ቤት ጀሮም ፍራንክ የተባሉ የሕግ ኃላፊና ባልደረቦቻቸው ቃሉ የነበሩትን አራሾች ራሳቸውን ለመጠበቅ እንዲተረጎም ሞከሩ። ውጤቱ በፌብሩዋሪ 1935 ከሥራ መባረር ሆነ። በአንጻሩ በዚሁ መሥሪያ ቤት የገንዘብ ኃላፊ የነበሩት ኦስካር ጆንስተን ከሰንፍላወር ጋር በሚዋሰነው ቦሊቫር ካውንቲ የሚገኝ ከአገሪቱ ትልልቅ የጥጥ እርሻዎች አንዱን የሚያስተዳድሩ ሰው ነበሩ።

አራሾቹ ዝም አላሉም። በጁላይ 1934 ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ በአርካንሶ ክፍለ ግዛት፣ ታይሮንዛ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች ተሰብስበው የደቡብ የእኩል አራሾች ማኅበርን አቋቋሙ። ነጭና ጥቁር በአንድ አዳራሽ መቀመጥ ነውር በነበረበት አገር ድህነት አንድ ላይ አስቀመጣቸው። ድብደባና ስደት ደረሰባቸው፤ ማኅበሩ ግን የአራሹን ችግር አገር እንዲሰማው አድርጓል።

ቼኩ መኪና ገዛ

በኦክቶበር 2 ቀን 1944 በክላርክስዴል ከተማ አጠገብ በሚገኝ እርሻ ላይ የጥጥ መልቀሚያ መኪና ለሕዝብ ታየ። አንዱ መኪና ወደ 50 የሚጠጉ ለቃሚዎችን ሥራ ይሠራል። መኪናው ውድ ነው፤ ነገር ግን ትልቅ መሬት ያለው ሰው ከመንግሥት በየዓመቱ የሚመጣለት ቼክ አለ። ሰዎቹ በለቀሙት ጥጥ ስም የመጣው ገንዘብ ሰዎቹን የሚተካውን መኪና ገዛ። በ1930 ከ66 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበራት ሰንፍላወር በ1960 ወደ 46 ሺህ ወርዳለች። የሄዱት ባቡርና አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ሜምፊስ፣ ወደ ሴንት ሉዊስ፣ ወደ ቺካጎ ነው።

የቀሩት በኩትኳቶና መኪናው ባልደረሰበት ለቀማ ይኖሩ ነበር። በ1967 መጀመሪያ የእርሻ ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 1 ዶላር እንዲሆን ሕግ ሲያዝ ግን ባለእርሻዎቹ አረሙን በመድኃኒት መርጨት መረጡ። በዚያው ጊዜ መንግሥት ከጥጥ መሬት ሰፊውን ክፍል እንዳይዘራ ይከፍል ስለነበር የሚኮተኮተውም መሬት አንሶ ነበር። ሠራተኛው ከሁለት ወገን ተመታ። በድሮው አሠራር ለድሆች ዱቄትና ስብ በነፃ ይታደል ነበር፤ ይህ በብዙ ካውንቲዎች በምግብ ኩፖን ተተካ። ኩፖኑ ደግሞ በገንዘብ ይገዛል! ሥራ የሌለው ሰው ገንዘብ ከየት ያመጣል? በኤፕሪል 1967 ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ ወደዚሁ አካባቢ መጥተው በየጎጆው ሲዞሩ ሆዳቸው የተነፋ ሕፃናት አይተው ደነገጡ። ይህ የሆነው ባለመዝራት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዶላር በሚከፈልበት መሬት መካከል ነው።

ወይዘሮ ሄመር ከእርሻው የወጡት ግን ከዚህ ቀደም ብለው ነበር። በኦገስት 31 ቀን 1962 ከ17 ሰዎች ጋር በአሮጌ አውቶቡስ ተሳፍረው በካውንቲው ዋና ከተማ በኢንዲያኖላ በመራጭነት ለመመዝገብ ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ባለ እርሻው ምዝገባውን እንዲሰርዙ፣ አለዚያ እንዲለቁ ነገራቸው። 18 ዓመት ከሠሩበት እርሻ በዚያው ሌሊት ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ዊኖና በተባለች ከተማ እስር ቤት ውስጥ የደረሰባቸው ድብደባ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚቆይ ጉዳት ትቶባቸዋል። በ1967 ደግሞ በማደጎ ያሳደጓት ልጃቸው በምግብ እጥረት ከተዳከመች በኋላ ታማ ሞተች። ሁለት ሕፃናት ሴት ልጆች ትታ ነበር፤ እነሱንም ያሳደጉት ወይዘሮ ሄመርና ባለቤታቸው ናቸው።

በ40 ኤከር የተጀመረ

በ1969 ወይዘሮ ሄመር ከበጎ አድራጊዎች በተሰበሰበ ገንዘብ በሰንፍላወር 40 ኤከር መሬት ገዝተው የነፃነት እርሻ ኅብረት ሥራ ማኅበር የተባለውን አቋቋሙ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ሰው የሚበላውን ራሱ ካመረተ፣ ከቤቱ የሚያስወጣው ባለመሬት ከሌለበት፣ ማንም በረሃብ ሊያስፈራራው አይችልም። ባሚያ፣ ቦሎቄ፣ አተር፣ ጎመንና ስኳር ድንች ተዘራ። የአባልነት መዋጮው በወር 1 ዶላር ሲሆን እሷንም ዘወትር መክፈል የቻሉት ቤተሰቦች ጥቂቶች ነበሩ፤ ሲሳዩ ግን ላልከፈሉትም ይደርስ ነበር። በ1971 ተጨማሪ 640 ኤከር ተገዛ። የመሬቱን ዕዳ ለመክፈል በከፊሉ ላይ ጥጥና አኩሪ አተር ዘሩ።

በዚያው ጊዜ የአሳማ ባንክ የሚሉት ሥራ ተጀመረ። አሳማ በእኛ ዘንድ የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሚጠቅመን አሠራሩ ነው። በአገራችን ገጠር ላም በርቢ ለችግረኛ እንደሚሰጠው ሁሉ፣ የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት 50 ያህል እንስሳት ገዝቶ ሰጠ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንዲት እንስት ይወስዳል፤ ስትወልድ ከግልገሎቹ ሁለቱን ለባንኩ ይመልሳል፤ እነዚያ ደግሞ ለሌላ ቤተሰብ ይሄዳሉ። በጥቂት ዓመታት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ዘንድ ደረሰ። ይህን ከድጎማው ጋር ማነጻጸር ይገባል። ድጎማው ብዙ ላለው ብዙ ይሰጣል፤ ይህ ግን ምንም ከሌለው ይጀምራል፤ ያገኘውም ሰጪ ይሆናል።

የነፃነት እርሻ አልዘለቀም። ድርቅና ጎርፍ ሰብሉን መቱት፤ ዕዳው ተከማቸ፤ ወይዘሮ ሄመርም በካንሰርና በሌላ በሽታ ተዳከሙ። በ1970ዎቹ አጋማሽ መሬቱ በአብዛኛው ከእጃቸው ወጣ። እሳቸውም በማርች 14 ቀን 1977 በ59 ዓመታቸው አረፉ።

ጣሪያና ቀዳዳዎቹ

ጋዜጦች የትልልቆቹን ተቀባዮች ስምና የዶላር መጠን ማውጣት ሲጀምሩ ምክር ቤቱ አፈረ። በ1970 የወጣው ሕግ አንድ ሰው ለአንድ የሰብል ዓይነት ከ55 ሺህ ዶላር በላይ እንዳይቀበል ወሰነ። በ1973 ጣሪያው ወደ 20 ሺህ ወረደ። ወዲያው የወረቀት ሥራ ተጀመረ። «አንድ ሰው» ማለት ማን ነው? አንዱ እርሻ ለሚስት፣ ለወንድም፣ ለልጅ፣ ለሽርክና ማኅበር በወረቀት ተከፋፈለ፤ ትራክተሩና አዛዡ ግን ያው አንዱ ነው። የመንግሥት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1972 ባወጣው ሪፖርት ጣሪያው ወጪን በመቀነስ በኩል እምብዛም እንዳልሠራ ገለጸ። በ1980ዎቹ ይህ ጥበብ ከመርቀቁ የተነሣ ስም ወጣለት፤ «የሚሲሲፒ የገና ዛፍ» ተባለ። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በየቅርንጫፉ ኩባንያ እየተንጠለጠለ፣ ከየቅርንጫፉ ቼክ ይለቀማል። በ1987 የወጣ ሕግ አንድ ሰው ከሦስት ድርጅት በላይ እንዳይቀበል ከለከለ። እንግዲህ ሦስቱ ተፈቀዱ ማለት ነው። በ2018 የወጣው ሕግ ደግሞ በቤተሰብ እርሻ ስም ለየራሳቸው ሊከፈላቸው በሚችሉት ዘመዶች ላይ የአጎትና የአክስት ልጆችን፣ የወንድምና የእኅት ልጆችንም ጨመረ። በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ የአንድ ሰው ጣሪያ ከ125 ሺህ ወደ 155 ሺህ ዶላር ከፍ እንዲል አድርጓል።

አሠራሩም ተለውጧል። ዛሬ ሚዛኑ የሚያርፈው መሠረታዊ ኤከር በሚባል፣ ቀደም ባሉት ዓመታት በተዘራው ሰብል መጠን በተመዘገበ መሬት ላይ ነው። ሕጉ ለየሰብሉ መነሻ ዋጋ ይቆርጣል፤ የገበያው ዋጋ ከዚያ በታች ከወረደ ልዩነቱ በተመዘገበው ኤከር ልክ ይከፈላል። ለምሳሌ ያህል ክፍያው በኤከር 50 ዶላር ደረሰ እንበል። 20 ኤከር ያለው 1,000 ዶላር ያገኛል፤ 3,000 ኤከር ያለው 150 ሺህ። ድርቁ የሁለቱንም ማሳ እኩል መትቷል፤ የዋጋው ውድቀትም እኩል ነው፤ በችግር የመውደቅ አደጋ የተጋረጠበት ግን ባለ 20 ኤከሩ ነው። በ2001 ኢንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለ ድርጅት የተቀባዮችን ስም ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ካደረገ በኋላ፣ ከሰብል ድጎማው ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚሄደው ከመቶ አሥር ለሚሆኑት ትልልቅ ተቀባዮች መሆኑን ማንም ሊያየው ችሏል።

በድጎማው ደጋፊዎች በኩል የሚሰማውም ክርክር መደመጥ አለበት። እርሻ እንደ ሱቅ አይደለም፤ ዘር ከተዘራ በኋላ ዋጋ ቢወድቅ ሱቅ እንደመዝጋት ቀላል አይሆንም። የአንድ ዓመት ኪሳራ የሦስት ትውልድ መሬት ሊያሸጥ ይችላል። ትልልቆቹም እርሻዎች ቢሆኑ የባንክ ዕዳ አለባቸው፤ የአገር ምግብም ለዕድል አይተውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ መንግሥት ገበሬን መርዳት እንዳለበት ያስረዳል እንጂ እርዳታው በጋሻ መለካት እንዳለበት አያስረዳም። እንዲያውም ክፍያው ከመሬቱ ጋር ስለታሰረ የመሬቱ ዋጋና ኪራይ ይወጣል፤ ተከራይቶ ለማረስ የሚፈልግ ወጣትም ድጎማውን ተቀብሎ በኪራይ መልክ ለባለመሬቱ ያስረክባል።

ኮሚቴው ውስጥ ማን ተቀመጠ?

ድጎማውንና የእርሻ ብድሩን በየካውንቲው የሚያስተዳድሩት ከገበሬዎች መካከል የሚመረጡ ኮሚቴዎች ነበሩ። ለማን ስንት ኤከር ጥጥ ይፈቀድ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ዴሞክራሲ ነው። በ1965 የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ባወጣው ጥናት ግን በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ካውንቲ ኮሚቴዎች ውስጥ አንድም ጥቁር አባል አልተገኘም። በ1964 መጨረሻ ወጣት የመብት ታጋዮች በሚሲሲፒ ጥቁር ገበሬዎችን ለኮሚቴ ለማስመረጥ ሲነሡ በድብደባና በእስር ተቀበሏቸው። ለምን ይህን ያህል ተፈራ? ገንዘቡ የሚከፋፈለው እዚያ ስለሆነ ነው።

በ1920 በአሜሪካ ወደ 926 ሺህ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። በ1997 በተደረገው ቆጠራ ከ20 ሺህ በታች ሆኑ። በዚያው ዓመት ቲሞቲ ፒግፎርድ የተባሉ የሰሜን ካሮላይና ገበሬና ጓደኞቻቸው የእርሻ ሚኒስቴርን ከሰሱ። አቤቱታቸው ብድር ተከለከልን፣ ቢፈቀድም የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ተሰጠን፣ ብናመለክት የሚሰማን አጣን የሚል ነው። በእርግጥም የሚኒስቴሩ የሲቪል መብት አቤቱታ መርማሪ ክፍል በ1983 ተዘግቶ ነበር። በኤፕሪል 1999 ዳኛ ፖል ፍሪድማን ስምምነቱን አጸደቁ፤ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ዶላር ተከፈላቸው። ጊዜ ያመለጣቸው ብዙዎች በመሆናቸው በ2010 ለሁለተኛ ጊዜ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። በጁላይ 2024 ደግሞ በብድር አሰጣጥ አድልዎ ለተፈጸመባቸው ከ43 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተከፍሏል፤ ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው ተቀባዮች የተገኙት በሚሲሲፒና በአላባማ ነው። 50 ሺህ ዶላር ትራክተር ይገዛ ይሆናል፤ በሐራጅ የተሸጠን የአባት መሬት ግን አይመልስም።

ከዴልታው እስከ ማሊ

ይህ ገንዘብ ከሚሲሲፒ ወሰን ወጥቶም ሰው ይነካል። የአሜሪካ ጥጥ በድጎማ ብዙ ተመርቶ የዓለም ገበያ ላይ ሲቀርብ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋው ሲወርድ የሚሲሲፒው ባለ እርሻ ልዩነቱን ከመንግሥት ያገኛል። የማሊው ገበሬ ከማን ያገኛል? ከሰሐራ በታች ባሉት በማሊ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በቤኒንና በቻድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹ ሙስሊሞች፣ የሚኖሩት በእጃቸው በሚለቅሙት ጥጥ ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም፣ የሕክምናም፣ የሠርግም ወጪ የሚሸፈነው ከዚያው ነው። በጁላይ 2003 የማሊው ፕሬዚዳንት አማዱ ቱማኒ ቱሬና የቡርኪና ፋሶው ብሌስ ኮምፓኦሬ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ በጋራ ጽፈው ድጎማው እያነቃቸው መሆኑን ለአሜሪካ ሕዝብ አሰሙ። አራቱ አገሮች በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በሜክሲኮዋ ካንኩን በተደረገው የዓለም ንግድ ድርጅት ጉባኤ ድጎማው እንዲቆምና ካሳ እንዲከፈል ጠየቁ። ጉባኤው ያለ ስምምነት ተበተነ።

ብራዚል ግን በ2002 ክስ መሥርታ በዓለም ንግድ ድርጅት አሸነፈች፤ በአሜሪካ ዕቃዎች ላይ የአጸፋ ቀረጥ እንድትጥልም ተፈቀደላት። አሜሪካ ድጎማዋን ወዲያው ከማቆም ይልቅ በ2010 ለብራዚል ጥጥ አምራቾች በዓመት 147.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ በ2014 ደግሞ 300 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ክርክሩን ዘጋች። አንድ መንግሥት ለራሱ ጥጥ አምራቾች መክፈሉን ላለመተው ለሌላ አገር ጥጥ አምራቾች ከፈለ። ማሊ ቀረጥ ጥላ አሜሪካን የምታስፈራራበት ገበያ የላትም፤ እንዲህ ያለ ቼክም አልደረሳትም።

በ2020 በሰንፍላወር ይኖር የነበረው ሕዝብ 26 ሺህ ገደማ ሲሆን ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ጥቁር ነበር። ከጥጥ ይልቅ አኩሪ አተርና በቆሎ በዝቷል፤ የዓሣ ኩሬዎችም አሉ። ወይዘሮ ሄመር የተቀበሩት በሩልቪል፣ የነፃነት እርሻ ገዝቶት በነበረ መሬት ላይ ነው። በ2021 ስድስት ጥቁር የእርሻ ሠራተኞች በኢንዲያኖላ አካባቢ የሚገኝን አንድ የእርሻ ድርጅት ከሰሱ። ክሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሠሩበት እርሻ ከደቡብ አፍሪካ ነጮች እየመጡ በሰዓት ከ11 ዶላር በላይ ሲከፈላቸው፣ እነሱ ግን በ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሠሩ ነበር፤ በኋላም ቦታቸውን ለእነዚያው ለቀቁ የሚል ነው። ክሱ በ2022 መጨረሻ በስምምነት ተዘጋ፤ የስምምነቱ ዝርዝር ለሕዝብ አልተገለጸም።